ከነጩ ድንጋይ እስከ ውኃው ጠርዝ

መጋቢት 21፣ እሑድ፣ ከቀትር በኋላ

ለክተን ተመለስን። ውኃው ነጩ ድንጋይ ሥር ነው፤ እንደ ወትሮው። አያ ደሳለኝ የመለኪያ ገመዱን ጫፍ ድንጋዩ ላይ ያዙ። እኔ ሌላውን ጫፍ ይዤ እስከ ውኃው ጠርዝ ሄድኩ፣ አነበብኩ፣ ጻፍኩ። አለቀ። ጭቃው አንድ ጫማዬን ሊያስቀርብኝ ነበር። በጾም ሆድ ከጭቃ ጋር ግብግብ!

አዲስ ደብተር ነሽና ላስረዳሽ፤ አሮጌዋ ሁሉን ታውቅ ነበር። እኔና እንድሪስ (ከዚህ በኋላ እ. ነው፤ ስም በመጻፍ ቀለም አልጨርስም) መካነ ኢየሱስ ከተማ አንድ ት/ቤት ጂኦግራፊ እናስተምራለን። ክረምት በመጣ ቁጥር ዩኒቨርሲቲ እየሄድን ሁለተኛ ዲግሪያችንን እንማራለን። የመመረቂያ ጽሑፋችን የጋራ ነው። ርእሱ፦ በባሕር ዳርቻ ጥናት የመስክ መለኪያ ዘዴዎች ምን ያህል ይታመናሉ? ሳቂ እንግዲህ። ባሕር በሌለው አገር፣ ያውም እስቴ! አማካሪያችን ዶ/ሩ ግን ቁም ነገሩ ዘዴው ነው እንጂ ባሕሩ አይደለም አሉን፤ ዳርቻ ያለው ውኃ ይበቃል። ወደ ወገዳ በሚወስደው መንገድ ያለውን የመስኖ ግድብ መረጥን። ማዕበል የለው፣ ጀልባ የለው። ዳርቻው ለጥ ያለ ጭቃ ነው። ዳክዬ ግን ሞልቶታል።

የመለኪያ ዘዴው መጽሐፍ ውኃው ወዴት እንደሚሄድ ለማወቅ ብርቱካን ጣሉበት ይላል። በዚህ ወቅት እዚህ ብርቱካን ከየት አባቱ ይመጣል? ልኬቱን ሳንጀምር አንድ ቀን ሎሚ ጣልን። ሎሚው ዞሮ ዞሮ እኔው እግር ሥር መጥቶ ቆመ። እ. የሻረግ እንኳን ደስ አለሽ፣ ታጨሽ አለኝ። እህቱ ዘይነባ በሳቅ ጭቃው ላይ ቁጭ።

ቀን ተከፋፍለናል። ገመድ የሚይዝ ሰው ያስፈልጋል። የእኔ ሰው አያ ደሳለኝ ናቸው፣ የእናቴ ወንድም። ገበሬ ስለሆኑ ያለ በዓል ከማሳቸው አይነቀሉም። ስለዚህ የእኔ ቀን እሑድ፣ ሚካኤል፣ ማርያም፣ መድኃኔዓለም ነው። ቅዳሴ አስቀድሰው ነጠላቸውን እንዳደገደጉ ይመጣሉ። መጀመሪያ ችካል ልተክል መዶሻ ሳነሣ ጮኹብኝ። በበዓል መሬት መውጋት ሥራ ነው፤ ገመድ መያዝ ግን ሥራ አይደለም። ፍርዱ የእሳቸው ነው። በዚህ ምክንያት ነው በችካል ፋንታ ነጩን ድንጋይ የያዝነው፤ አራት ሰው የማይነቀንቀው ድንጋይ። እ. ደግሞ ቅዳሜና እሑድ የአባቱን የጨርቅ ሱቅ ስለሚጠብቅ፣ በአዘቦት ከክፍል ሲወጣ ከዘይነባ ጋር ይሄዳል።

ዛሬ ኢድ ነው። እንኳን አደረሳችሁ ልበላቸው። እናቱ በየዓመቱ ለእኔ ለብቻዬ የጾም ምስር ሠርተው ይጠብቁኛል። ሄድኩ።

መጋቢት 24፣ ረቡዕ

ዶ/ሩ ደወሉ። ተማሪዎቼን ዝም በሉ ብዬ ወደ ውጭ ወጣሁ። ምነው ባልወጣሁ!

የላክንላቸውን ቁጥሮች ጎን ለጎን አስቀምጠው አይተዋል። አይገናኙም። የእኔ ውኃ ሁልጊዜ ድንጋዩ አጠገብ። የእ. ውኃ ሁልጊዜ ከድንጋዩ ርቆ። አንድ ግድብ፣ አንድ ድንጋይ፣ አንድ ወር። የእጅ ስሕተት ቢሆን አንዴ ወዲህ አንዴ ወዲያ ይላል እንጂ ሁሌ ወደ አንድ ወገን አያጋድልም አሉ። ስለዚህ ከሁለት አንዳችሁ ግድቡ ዘንድ ሳትደርሱ ቤት ቁጭ ብላችሁ ጽፋችኋል። እስከ ፋሲካ ማግሥት ምክንያት ካላመጣችሁ ጽሑፉ ወደቀ።

ከዚያ ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ። የአንቺ ቁጥር ንጹሕ ይመስላል፤ ከፈለግሽ የእሱን ቁጥርም ስሙንም አውጥተሽ ለብቻሽ አቅርቢ፣ እቀበልሻለሁ አሉኝ።

እኔስ ምን አልኩ? አይሆንም አልኩ? የት አባቴ! ላስብበት አልኩ።

ሦስት ክረምት ነው ደብተሬ። ሦስት ክረምት እናቴን ወገዳ ብቻዋን ትቼ በሰው ከተማ በኪራይ ክፍል ተንገላትቻለሁ። አሁን ቢወድቅ አራተኛው ይመጣል። እኔ ደግሞ አልዋሸሁም። ጭቃው ምስክሬ ነው። እኔ ካልዋሸሁ ማን ቀረ?

ልዝጋሽ።

መጋቢት 26፣ ዓርብ

የመምህራን ክፍል። እ. ሻይ ገዛልኝ። ራሴን አሞኛል ብዬ መለስኩለት። ሻይ ለራስ ምታት መድኃኒት አይደል እንዴ? ውሸት እንኳ አልችልበትም።

በመጨረሻ አላስቻለኝም፤ ዶ/ሩ ደውለውልህ ነበር ወይ አልኩት። አዎ አለ። ምን አሉህ? ቁጥሮቻችሁ አይገናኙም አሉኝ። ሌላስ? ዝም። ፈተና ማረሙን ቀጠለ። ይኸው ዝምታው አሳረረኝ። ሰው ንጹሕ ከሆነ አይጮህም? እኔ ብሆን ጠረጴዛ እገለብጥ ነበር። ያልጠረጠረ ተመነጠረ ትላለች እናቴ።

ግን ደግሞ እ.ን ሰባት ዓመት አውቀዋለሁ። የተማሪ ግማሽ ነጥብ ጠፋችብኝ ብሎ ፈተናውን እንደገና ከሀ እስከ ፐ የሚያርም ሰው ነው። እንዴት ብሎ ነው ያላየውን የሚጽፈው?

ከክፍል በኋላ ዘዴውን አንድ በአንድ እንመርምር አለኝ፤ የጽሑፋችንም ርእስ ይኸው አይደል። እሺ አልኩ፣ በግንባሬ። ሁለቱን ገመዶች ከት/ቤቱ ሜትር ጋር አስተያየን። እኩል ናቸው። የእሱ ውኃ ነክቶት ረዝሞ ይሆን? አልረዘመም። ድንጋዩ ተነቃንቆ ይሆን? ፎቶዎቹን አየን፤ ከጀርባው ያለው ግራር ዛሬም በዚያው በኩል ነው። ነፋስ ውኃውን ወደ አንድ ወገን ይገፋ ይሆን? ሰፌድ ለሚያህል ግድብ! ገመዱ ደኅና፣ ድንጋዩ ደኅና፣ ዓይናችን ደኅና። ታዲያ የቀረ ሰው ነው። ይህን አፍ አውጥቶ የተናገረ የለም፤ ሁለታችንም ገመድ መጠቅለል ጀመርን።

መጋቢት 28፣ እሑድ

ከአያ ደሳለኝ ጋር ለካሁ። ድንጋዩ ሥር! በስልክ ፎቶ አነሣሁ፤ ውኃው፣ ድንጋዩ፣ አያ ደሳለኝ ነጠላቸውን እያስተካከሉ። ማስረጃ ማለት ይኸው አልኩ። ደስ አለኝ።

ወዲያው ደግሞ ከፋኝ። የእኔ እውነት በሆነ ቁጥር እ. ይሰምጣል።

አያ ደሳለኝን ጠየቅኋቸው፤ በአዘቦት ቀን እንድሪስ ሲለካ ዓይተውት ያውቃሉ? ተቆጡ። እኔ በአዘቦት ሽንኩርቴን ላጠጣ ነው ወይስ የሰው ልጅ ስጠብቅ ልውል አሉኝ። ደግሞም በሰንበት ሰው አትሚ፤ ሳምንት ሆሳዕና ነው።

ማታ ለዶ/ሩ ልጻፍላቸው ወይ? ለብቻዬ አቀርባለሁ፣ ሁለት መስመር ናት። ጀመርኩና አጠፋሁት።

አይ፣ አንድ ነገር ቀርቷል። የእሱን ቀን አላየሁለትም። ፈራጅ እንኳ የሁለቱንም ይሰማል። ማክሰኞ አብሬው እሄዳለሁ። ከዋሸ ዓይኔ ሥር ይዋሽ።

መጋቢት 30፣ ማክሰኞ

እልል በይ ደብተሬ! እልል!

ቆይ፣ በቅጡ ልንገርሽ።

ከክፍል እንደወጣን ሄድን፤ እኔ፣ እ.፣ ዘይነባ። መንገዱን ሙሉ ከፊት ከፊታቸው ሄድኩ። ዘይነባ አኩርፈሻል እንዴ ብላ ጠየቀችኝ፤ ጾም ነው አልኳት። ጉብታውን ሳንወጣ አንድ ድምፅ ሰማሁ። ሹሹሹ የሚል። ዝናብ መሰለኝና ሽቅብ አየሁ፤ ሰማዩ ጥርት ብሏል። ምንድነው የሚጮኸው አልኩ።

እ. ግራ ገባው። ምኑ?

ይኸ ድምፅ!

ቦዩ ነዋ አለኝ። ሁሌ እንዲህ አይደል?

ቆምኩ። ሁሌ? እኔ ወር ሙሉ ተመላልሼ ያን ቦይ ሲጮህ ሰምቼው አላውቅም። ለእኔ ቦዩ ማለት ደረቅ ጉድጓድ ነው፤ አያ ደሳለኝ ጠርዙ ላይ ተቀምጠው ጫማቸውን የሚያራግፉበት። ዛሬ ከግድቡ እየተንዶለዶለ ይወጣል፤ ሞልቶ፣ አረፋ ደፍቆ፣ ቁልቁል ወደ ማሳው። ማሳው ላይ ሰው ፈሷል፤ አካፋ፣ ዶማ፣ ጩኸት፣ ተራዬ ነው ተራህ አይደለም። ሽንኩርት፣ ድንች፣ ነጭ ሽንኩርት፣ ሁሉም ይጠጣል።

ሮጥኩ። ነጩ ድንጋይ ብቻውን እንደ ተረሳ ዕቃ ጭቃው ላይ ተጎልቷል። ውኃው የት ሄደ? ወዲያ! ገመዱን ይዤ ብሄድ ብሄድ አልደርስበት አልኩ። ዳርቻው ለጥ ያለ ነው፤ ግድቡ ጥቂት ሲጎድል ጠርዙ ይሸሻል። ያነበብኩት ቁጥር እ. ባለፈው ሳምንት ከጻፈው ጋር ጎን ለጎን የሚሄድ ነው።

ገባሽ? እኔ የምለካው በበዓል ብቻ ነው። በበዓል እስቴ ውስጥ ውኃ የሚያጠጣ የለም፤ ማጠጣት ሥራ ነዋ! የግድቡ በር በዋዜማው ይዘጋል፣ ምንጩ ይገባል፣ ውኃው ይሞላል፣ ወደ ድንጋዬ ይመጣል። እ. የሚለካው በአዘቦት ብቻ ነው። በሩ ክፍት ነው፣ ውኃው ይሸሻል። እኔ ቦዩ ሁሌ ደረቅ ይመስለኝ ነበር፣ እሱ ሁሌ የሚፈስ ይመስለው ነበር። ማንም አልዋሸ። ማንም!

ጭቃው ላይ ቁጭ ብዬ ሳቅሁ። ከዚያ ደግሞ እንባ መጣ። እ. መጀመሪያ አልገባውም፤ ሲገባው ሁለት እጁን ራሱ ላይ ጭኖ አልሐምዱሊላህ፣ አልሐምዱሊላህ እያለ ድንጋዩን ዞረው። ዘይነባ ሁለታችሁም መምህር ተብላችሁ ብላ ተሳለቀችብን። እውነቷን ነው።

እፎይ። ሳምንት ሙሉ ትከሻዬ ላይ የቆየ ጆንያ ወረደ።

ሚያዝያ 2፣ ሐሙስ

አያ ደሳለኝን ያዝ አደረግኋቸው። በበዓል በሩ እንደሚዘጋ ምነው ሳይነግሩኝ? አንቺስ መቼ ጠየቅሽኝ አሉ። ደግሞስ በበዓል ቀን የሥራ ወሬ አላወራም። ውኃ በተራ የሚያደላድሉት የውኃ አባትም ዘንድ ሄድን። በሩን ዋዜማ ማታ ዘግተው በነጋታው ማታ እንደሚከፍቱ ነገሩን፤ የምንጠይቃቸው ነገር ጥያቄ መሆኑ ገርሟቸው ቁልፉን ከቋጠሩበት ሻሽ ፈትተው አሳዩን።

ለዶ/ሩ ደወልኩ፤ እ. አጠገቤ። የስልኩን ድምፅ ከፍ አድርጌ ሁሉንም በአንድ ትንፋሽ አወራሁ። ሳቁ። ግን ወዲያው ኮስተር አሉ። ከደረሰ በኋላ ምክንያት ማግኘት ቀላል ነው፤ እውነት ከሆነ ገና ያልሆነውን ቀድማችሁ ንገሩኝ፣ ከዚያ እንይ። ሰውየው ድንጋይ ናቸው! ግን ልክ ናቸው። ምርምር ማለት ይኸው ነው።

እ. ወዲያው መጣለት። ከስቅለት እስከ ፋሲካ በሩ አንድ ሁለት ቀን ብቻ አይደለም የሚዘጋው፤ ሦስት ቀን ተከታትሎ ነው የሚዘጋው። ስለዚህ የፋሲካ ዕለት ውኃው ድንጋዩ ሥር አይቆምም፤ ድንጋዩን ይውጠዋል። እስካሁን ሁለታችንም ያላየነው ነገር ነው። ቀድመን ጽፈን ላክንላቸው።

ግን ማን ይለካል? እኔ ለፋሲካ ወገዳ ነኝ፤ ብቀር እናቴ በሕይወቴ ሙሉ አትለቀኝም። አያ ደሳለኝ በትንሣኤ ገመድ መያዝም ሥራ ነው አሉ። ፍርዱ ተለወጠ! እ. ሳቀና የእናንተ በዓል ነው፣ እኔ እሄዳለሁ አለ።

ሚያዝያ 9፣ ጸሎተ ሐሙስ፣ ወገዳ

ደረስኩ። መንገዱ አጥንቴን ለያይቶ መልሶ ገጠመኝ። አቧራው ፀጉሬን አሸብቶታል። እናቴ ጉልባን አቀረበችልኝ፤ ከስታለች። እሷ ደግሞ የከሳሽው አንቺ ነሽ ትላለች። እንደዚህ እንከራከራለን፣ በየዓመቱ።

ሐሳቤ ግድቡ ላይ ነው። አንድ ገበሬ ሽንኩርቱ ደርቆበት በሩን ቢከፍትስ? ምንጩ ቢያንስስ? ድንጋዩ ጫፉ እንኳ ብቅ ቢል ዶ/ሩ በቃችሁ ይላሉ። ነገ ስቅለት ነው። ስግደቱ መሐል ስለ ግድብ በር እንዳላስብ፣ አምላኬ ይቅር በለኝ።

ሚያዝያ 12፣ ፋሲካ፣ ከሰዓት

ክርስቶስ ተንሥአ! ዶሮው ተበላ፣ ጎረቤት ገብቶ ወጣ፣ እናቴ ጉርሻ ጭናብኝ መተንፈስ አቅቶኛል። ኔትወርክ የለም። ከጠዋት ጀምሮ ስልኬን ይዤ ከግቢ ወደ መንገድ፣ ከመንገድ ወደ ግቢ። እናቴ ስትታዘበኝ ቆይታ ማነው እሱ አለችኝ። ድንጋይ ነው እማዬ አልኳት። አማተበች።

በስተመጨረሻ ከቤተ ክርስቲያኑ በላይ ያለው ጉብታ ላይ ወጣሁ። ስልኩ ዘረረር አለ። ከእ. አንድ መልእክት፦ «ድንጋይሽ የለም።»

የለም ማለት? ማን ወሰደው? ያን ድንጋይ በዓመት በዓል ማን ይሸከማል? ደወልኩ፣ ተቋረጠ። ደወልኩ፣ ተቋረጠ። በሦስተኛው አነሣ። እየሳቀ ነው፣ ነፋስ ድምፁን ይቆራርጠዋል። የለም ያልኩሽ አይታይም ለማለት ነው፤ ውኃው ውጦታል። ሱሪውን ጠቅልሎ ገብቶ በእግሩ ሲፈልግ ጣቱን መትቶታል፤ እንደዚያ ነው ያገኘው። ቦዩ ጭጭ ብሏል። ዳክዬዎቹ ድንጋዩ በነበረበት ላይ ይዋኛሉ።

ፎቶው ከብዙ ጊዜ በኋላ ገባ። ዘይነባ ናት ያነሣችው። እ. እስከ ጉልበቱ ውኃ ውስጥ ቆሞ ጣቱን ቁልቁል ይቀስራል፤ እዚህ ነው ለማለት። ገመዱን ትከሻው ላይ ጥሎታል። በእኔ በዓል፣ ያለ እኔ።

ጉብታው ላይ ብቻዬን እልል አልኩ። ከታች የሚያልፉ ሰዎች ለትንሣኤው መስሏቸው እልልታውን መለሱልኝ። ይሁን፣ ለእሱም ጭምር ነው።

ሚያዝያ 13፣ ሰኞ፣ ወገዳ

ጠዋት ጉብታው ላይ ወጥቼ ለዶ/ሩ ደወልኩ። ፎቶው ደርሷቸዋል። እንኳን አደረሰሽ ብለው ጀመሩ፤ በድምፃቸው ገባኝ። አለፈ! ይልቁንም ይህ ነገር የጽሑፉ እምብርት ይሁን አሉ፤ ስለ ገመድና ስለ ድንጋይ የጻፋችሁትን አሳጥሩ፣ ስለ ቀኑ አስፋፉ። በምን ለካችሁ ብቻ ሳይሆን መቼ ለካችሁ፣ ማን በየትኛው ቀን ሥራ ይፈታል፣ ይህ ራሱ የዘዴው አካል ነው። እሺ አልኩ። ዛሬ ሁሉን እሺ እላለሁ።

ልዘጋ ስል አንድ ነገር አነሡ። ታዝበሽኝ ይሆናል አሉ፤ ያን ለብቻሽ አቅርቢ ያልኩሽን ለእንድሪስም በዚያው ቀን ብዬው ነበር። የአንተ ቁጥር ንጹሕ ይመስላል፣ የእሷን ስም አውጣ።

እሱስ ምን አለ አልኩ።

ለማሰብ እንኳ ጊዜ አልጠየቀኝም አሉ። የሻረግ የማታየውን አትጽፍም፤ የማላውቀው ነገር አለ፣ እስካገኘው ስሟ አይነካ አለኝ።

ስልኩ ተዘጋ። ኔትወርኩ ይሁን እሳቸው፣ አላወቅሁም።

ያን ዓርብ የዝምታው ነገር ይኸ ነበር። ሻይ ገዝቶልኝ፣ ራሴን አሞኛል ስለው፣ ዝም ብሎ ፈተና ሲያርም። እኔ ላስብበት ብዬ፣ እሱ ሳያስብበት።

ከጉብታው ወርጄ እናቴ አጠገብ ተቀመጥኩ። ለምን ታለቅሻለሽ አለችኝ። እፎይ ብዬ ነው አልኳት፤ ደግሞም እውነት ነው። እፎይታው ከውርደቱ ይበልጣል። እንዲህ ያለ ባልደረባ እያለኝ ስለ ዲግሪ ስጨነቅ ሰነበትኩ።

እንግዲህ ይኸው ውሳኔዬ። ለዐረፋ እሱ እቤቱ ይዋል፣ እኔ እለካለታለሁ፤ አያ ደሳለኝ ባይመጡ ዘይነባን ከእናቷ አስፈቅጄ እወስዳታለሁ፣ ካልሆነም የገመዱን ጫፍ በድንጋይ እጭነዋለሁ። ያልኩትንም፣ ላስብበት ያልኩትን፣ ነገ ስመለስ በቃሌ እነግረዋለሁ። በጽሑፉ ሽፋን ላይ የእሱ ስም ይቀድማል።

እዚህም ደብተሬ ላይ፣ ከዛሬ ጀምሮ፣ እ. የሚባል ሰው የለም። ቀለሙ ይለቅ። እንድሪስ። እንድሪስ።